እሜቴ የጣለችው ቆዳ

ነፍስ የሌለው ነገር ቂም ይይዛል?

እኔ መልሱን አላውቅም። የምጽፍላችሁ ግን በዓይኔ በብሌኑ ያየሁትን ነው። ጃጅታለች የሚል ይበል። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ ሳሎናችን ውስጥ...

የልጅ ልጄ ለታራንቱላ፣ ለዚያ ለጸጉራሙ ትልቅ ሸረሪት፣ የመስታወት ቤት እያስጌጠች ትሸጣለች። እኔ «ልጄ» እላታለሁ፣ እሷም «እማዬ» ትለኛለች። የራሷም አንዲት ሸረሪት አለቻት። ስሟን «እሜቴ» ብላታለች።

የእሜቴ ቤት ያምራል። ደረቅ አፈር፣ ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ ዋሻ፣ የፕላስቲክ ቅጠል፣ ትንሽ የውሃ ሳህን። መከርከም የለ፣ መጥረግ የለ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ቤት አላገኘሁም።

ሐሙስ ዕለት ልጄ ወደ ደንበኛ ስትሄድ፣ «እማዬ፣ ውሃዋን ብቻ ሙዪላት። ሌላ እንዳትነኪ» አለችኝ።

እኔ መች አርፌ እቀመጣለሁ። መስታወቱ አቧራ ለብሶ ባየው በሳሙና ወለወልኩት። ከውስጥም ጭምር።

ዓርብ ልጄ ከወጣች በኋላ ብመለከት፣ እሜቴ በጀርባዋ ተዘርራለች... ስምንት እግሯን ወደ ላይ አንፈራጥጣ።

በሳሙናዬ ገደልኳት አልኩ።

መናገር አፈርኩ። በማንኪያ አንስቼ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኳት። ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ በረንዳው ላይ፣ የአበባው አፈር ውስጥ ቀበርኳት።

ከዚያ የባሰውን አደረግሁ።

እሜቴ ዓምና የጣለችውን ቆዳ ልጄ መሳቢያ ውስጥ አኑራው ነበር። እግሩ፣ ጸጉሩ፣ ቁርጥ እሷን። ውስጡ ግን ባዶ። ዋሻው ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ።

ልጄ ስትመለስ ጎንበስ ብላ አየች።

«ጀርባዋን የሰጠችን ምነው? ተኳርፋችሁ ነው?» ብላ ሳቀች።

«ደክሟት ነው» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የቆዳው ፊት ወደ እኔ ዞሯል። ልጄ ነካክታው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከምሳ በኋላ ሁለቱ የፊት እግሮች ከዋሻው ወጥተዋል...

ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ ቅጠል ታጣብቃለች። ከወንበሯ አልተነሳችም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሳትዞር፣ «እማዬ፣ አንዱ ጉደኛ ደንበኛዬ ሸረሪቱ በጀርባው ቢተኛ ሞተ ብሎ ሊጥለው ነበር» አለች።

«አልሞተም?»

«በጀርባቸው የሚተኙት ቆዳ ሲቀይሩ ነው። ሲሞቱማ እግራቸውን ወደ ሆዳቸው ያጥፋሉ።»

ወደ በረንዳው አየሁ።

«ልጄ...»

«ወዬ።»

«ቀብሬያታለሁ።»

ቅጠሉ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። ብትጮህብኝ በወደድኩ።

ሳሙናውንም፣ ቆርቆሮውንም፣ የመሳቢያውን ቆዳም እየተንተባተብኩ ነገርኳት። በረንዳው ላይ አፈሩን በእጇ ቆፈረች። ክዳኑ እንደጠበቀ ነው። በቢላ ፈልቅቃ ከፈተችው።

ባዶ። አንዲት ጸጉር እንኳ የለም።

«እዚህ ነው የከተትሻት?» አለች በሹክሹክታ።

«እዚሁ ነው።»

ተከታትለን ወደ ሳሎን ተመለስን።

ያ ባዶ ቆዳ ከዋሻው ወጥቶ አፈሩ መሐል በጀርባው ተኝቷል... ስምንቱም እግሮች ወደ ላይ። ቆዳ ሊቀይር እንደተዘጋጀ።

ልጄ እሱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

እጇ ላይ ያለውን አፈር ሳታራግፍ፣ የቤት ጫማዋን እንደተጫማች በሩን ከፍታ ወጣች።