ከአዳራሹ ጀርባ የመጣው «አቤት»

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ መንፈስ ምናምን የሚል ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ ወንበር እቀይራለሁ፤ ስለዚህ ይቺን ስነግርህ አትሳቅብኝ።

ገንዳ ውሃ ባለ አንድ ኮሌጅ የምረቃና የግቢ ዝግጅት ፊልሞችን የምቀርፀውም የማስቀምጠውም እኔ ነኝ። እኛ ዘንድ ተመራቂ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ነው ወደ መድረክ የሚወጣው፣ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ግን ደስ ይላል። አምና አስማማው የሚባል የሽንፋ ልጅ ተጠርቶ መልስ ጠፋ። የምረቃ ሱፍ ልግዛ ብሎ ወደ ጎንደር እንደወጣ መንገድ ላይ ደብዛው የጠፋ ልጅ ነው፣ ስሙን ለመሰረዝ የማንም አንጀት አልቻለም። አንገታችንን ደፋን፣ ቀጣዩ ተጠራ።

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ እናቱ እትዬ ስንዱ ሠራተኛውን ማሳ ላይ ጥለው ወደ ማታ ገደማ ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ፣ ዘመዱ ሁሉ ለቅሶ ተቀመጭ ይለኛል፣ እኔ ሬሳውን ሳላይ አልቀመጥም ብያለሁ። እስቲ ስሙ ሲጠራ አሰማኝ።»

«እትዬ፣ ምን ያደርግልዎታል? ከስሙ በኋላ ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶውን አሰማኛ!»

ከፈትኩት። ስሙ ተጠራ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ፣ እመነኝ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ቀጭን «አቤት» መጣ። ስቀርፅ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር፣ እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማሁም።

«እሱ ነው» አሉ ደረታቸውን ይዘው።

ደገምኩት፣ አሁን ደግሞ የጫማ ኮቴ ተከተለ፣ ኳ ኳ እያለ ወደ መድረኩ፣ ምስሉ ላይ ግን የሚራመድ ሰው የለም። በዚህ መሃል መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ ኮቴው ግን አልጠፋም፣ ኮሪደሩ ላይ ነበር፣ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ።

«ግባ አስሜ» አሉ እናቱ። «ግባ እንጂ፣ እኔ ነኝ።»

ማንም አልገባም። በሩን ከፈትኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ሙቀትና አቧራ ብቻ። መብራት ሲመጣ ፊልሙን ደጋግሜ አጫወትኩት፣ ከስሙ በኋላ አንዲት ድምፅ የለችበትም።

እትዬ ስንዱ ባዶውን በር እያዩ፣ «በሕይወት ያለ ልጅ እናቱ ግባ ስትለው ደጅ አይቆምም» አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ወጡ። በማግስቱ ሽንፋ ድንኳን ተተከለ፣ እኔም ሄጄ አልቅሻለሁ።

ዘንድሮም አስመረቅን። ስሙ አልተጠራም፣ ማን ይጠራዋል? ግን በሁለት ስሞች መሃል፣ ማዳመጫዬ ውስጥ፣ ያው ቀጭን «አቤት» መጣ።

ለእትዬ ስንዱ አልነገርኳቸውም። ጥቁራቸውን ገና አላወለቁም፣ ሄጄስ ምን እላለሁ፤ ማን ጠራው ቢሉኝስ?