ኮንጆ ነው፣ ኸላስ

ጂብሪል ሥራ ሲያንገራግር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ስልክ ይጠግናል፤ እዚሁ ከተማ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ተወልዶ ያደገ የወሎ ስደተኞች ልጅ ነው። ዐረብኛ እየተናገሩ እዚህ እንዳደጉ ልጆች ሁሉ «ቀ» ከአፉ «ከ» ሆና ትወጣለች።

እኔ አል-ሳሃፋ ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ። ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ እሱ በከፈተልኝ ብሎግ ላይ እንደኔ ሰው ቤት ለሚሠሩ የአገሬ ልጆች እጽፋለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዳችን ኢቃማ እንዴት እንደሚታደስ፣ የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚያደርስ።

ጓደኛዬ ዘምዘም ደውላ፣ «ኒዕማ፣ የኢቃማዬ ጊዜ ሊያልፍ ሳምንት ቀረው። ጽሑፍሽን ልክፈት ስል እየተሽከረከረ የስልኬን ረሲድ ጨረሰው» አለችኝ። ካልተነበበ ለማን ነው የምጽፈው?

ጂብሪል ዘንድ ሄድኩ።

«ኤኤምፒ የሚሉት አለ አሉ። ገጹን አራግፎ ቶሎ እንዲከፈት የሚያደርግ።»

«አለ» አለ ዓይኑን ሳያነሣ። «ግን ይክርብሽ።»

«ለምን ይቅርብኝ?»

«አስተያየት መጻፊያው ይጠፋል።»

«ከዘምዘም ኢቃማ አስተያየት ይበልጣል?»

የያዘውን ስልክ መፍታቱን ቀጠለ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከፍቶኛል። ስሙን የማይገልጽ አንድ አንባቢ አለኝ። በጻፍኩ ቁጥር ከሥር «ኮንጆ ነው። ኸላስ።» ይልልኛል፤ በቃ ማለቱ ነው፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። እዚህ ያደገች አንዲት ልጅ ትመስለኝ ነበር። እሷን ሳላነብ ጁምዓዬ ጁምዓ አይሆንም።

«ለእኔም ቀላል አይደለም። ግን ዘምዘም ታንብብ። ያላ፣ ሥራው» አልኩት።

ቅር እያለው ሠራው። ሲጨርስ በአዲሱ ገጽ ላይ አንድ የሙከራ ጽሑፍ ለጥፎ ማየት ነበረበት። ጣቶቹ ሳያስብበት በለመዱት ሄዱ።

«ኮንጆ ነው። ኸላስ።»

እሱም እኔም አየነው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ጂብሪል፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ይክርብሽ ያልኩሽ ሲጠፋ የት እጽፍልሻለሁ ብዬ ነው።»

ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ግን ሳልነካካው አላለፍኩም። «ሁለት ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ መስመር ነው እንዴ ያማረህ?»

«አውቶቡሱን አይደለም።»

ለዘምዘም ደወልኩ። ወዲያው ተከፈተላት፤ እያነበበች ስለነበር እኔን ማናገሩንም ረስታዋለች። ስልኩን ዘጋሁና ወደ እሱ ዞርኩ።

«አስተያየት መጻፊያው እንደጠፋ ይቅር። ጁምዓ ጁምዓ እመጣለሁ፣ በአፍህ ትነግረኛለህ።»

«ኢንሻላህ።»

«ዛሬም ጁምዓ ነው» አልኩት።

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። መንገደኛው በሱቁ በር ይተራመሳል፣ የሚኒባስ ረዳቶች ይጣራሉ፣ እሱ ግን እኔን ብቻ ነበር የሚያየው።

«ኮንጆ ነሽ» አለ።

ቀሪዋን ቃል ጠበቅኩ።

«ኸላሱስ?»

«ኸላስ የለም» አለ።