ያልተቆጠሩት መስመሮች

«አሥሩንም ረድፍ ሞላኸው?» አለች ዘርፈሽ። «እኛ እኮ የቆጠርነው አንዱን ብቻ ነው።»

ሌታ ሠንጠረዡን ወደ እሷ ገፋው። የቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ የመስታወት ቱቦው ተጋድሟል። ባለፈው እሑድ ከአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጋዝ ሞልተውበት፣ አብዛኛውን በእጅ ፓምፕ መልሰው አውጥተው፣ ከሾፌሩ ከኦቦ ነጋሳ አውቶቡስ የተዋሱትን ባትሪ ኃይል በሽቦ ጥቅል አሳድገው ሲለቁበት ነጭ ብርሃን በርቶ ነበር። በብርሃኑ ውስጥ ቀጫጭን መስመሮች ተደርድረው ታዩ። ማግኔት ሲጠጋቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ይመሰቃቀላሉ። ለሳይንስ ውድድር የያዙት ሥራ ማግኔቱን በአሥር የተለያየ ርቀት እያቀረቡ ስንት መስመር እንደሚቀር መቁጠር ነበር።

አንዴ እንደቆጠሩ ፓምፑ ሞተ። እርጥብ ጋዝ ገብቶበት ዘይቱ ነጥቷል። ጋዙን የማድረቁ ሥራ የዘርፈሽ ነበር፤ ባትሪውን የሚፈልገው አውቶቡስ ሊነሳ ነው ብላ ዘለለችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን የምትለቅመው እንኳ አልነበራትም።

«መስመሮቹ እንደሚቀንሱ መጽሐፉም ይላል» አለ ሌታ።

«መጽሐፉ የእኛን ጋዝ የት ያውቀዋል?»

«ዱቢ ዺሲ፣ ዘርፌ። ተዪው በቃ። ካቺሲ ተመልሰሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ይህ አመማት። ውድድሩን ካለፉ አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ። ካላለፉ፣ በሰኔ ወደ ካቺሲ ትመለሳለች፤ እዚያ አባቷ ለአንድ ሰው ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል።

መምህር ሥዩም «ሀገረ ሕይወት» የሚል የትምህርት ቤቱ ማኅተም ያለበት ባዶ ፖስታ ይዘው ገቡ። የፓምፑን ነገር አልሰሙም። ሠንጠረዡን አይተው ፊታቸው በራ።

«አሥሩም? ጎበዞች። በስድስት ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት አንድም ልጅ አላለፈም። ዘርፈሽ፣ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ገልብጪውና የዛሬው አውቶቡስ ይውሰደው።»

መምህሩ ፖስታውን ትተው ወጡ። ዘርፈሽ ብዕሯን አነሳች። የመጀመሪያውን ረድፍ ገለበጠች፤ አሥራ አራት መስመር። ሁለተኛው ላይ እጇ ቆመ። ብትገለብጠውም ባትገለብጠውም ያ ብርሃን ተመልሶ አይበራም። አልቅሺ አልቅሺ አላት።

«ፓምፑ ተበላሸ። ጋዙን ያላደረቅሁት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። የቀሩትን ረድፎች ባዶ ተወቻቸው።

ሌታ በትከሻዋ በኩል አነበበው። ሊነጥቃት ይችል ነበር፤ አልነጠቃትም።

«እኔንም ይዘሽኝ ቀረሽ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

ከውጭ የኦቦ ነጋሳ ጥሩምባ ተሰማ። ዘርፈሽ ወረቀቱን ፖስታው ውስጥ ከተተችው። አላሸገችውም፤ መምህር ሥዩም እንዲያነቡት ክፍቱን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች።