ምድር ቤት የቀረው መልእክት

አስከሬኑ ከምድር ቤቱ ደረጃ ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። መነጽሩ ከራስጌው ደቅቋል፤ አንድ ጫማው ደረጃው መሃል ላይ ቀርቷል። ከአሮጌው ግድግዳ የሚረግፈው ነጭ የኖራ አቧራ በደረጃው፣ በመድኃኒት ሳጥኖቹ፣ በሟቹ ፀጉር ላይ ሳይቀር ሰፍሯል። ኢንስፔክተሯ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ግን ከቀኝ እጁ አጠገብ የተቀመጠውን ስልክ ነው። በዚያ ሁሉ ነጭ መሃል ጥቁር ሆኖ የሚያብረቀርቀው እሱ ብቻ ነበር።

የሥራ ባልደረቦቿ «እንዴት» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል። ሌላው መርማሪ «ማን ገደለው?» ብሎ ሲጣደፍ፣ እሷ «እንዴት?» ትልና ቁጭ ትላለች። በዚህ ጠባይዋ ብዙ አለቆቿን አሰልችታለች፤ ብዙ ነፍሰ ገዳይም አስይዛለች።

«ወድቆ ነው የሚሉም አሉ፤ ተገፍቶ ነው የሚሉም አሉ» አሉ የክሊኒኩ ባለቤት፣ ሸምገል ያሉት ዶክተር። «ብቻ የሞተው ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ መልእክት ልኳል፤ ሁላችንም አይተናል።»

«ስልኩን የነካ ሰው አለ?»

«ማንም አልነካም።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አየችው። አቧራ የለበትም። የጣት ምልክትም የለበትም። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲነካካ የሚውል ሰው ስልክ እንደ አዲስ ብርጭቆ ተወልውሏል።

ሟቹን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ድረ ገጽ ሠሪ በመሆኑ «ሸረሪቱ» ይሉታል። ካርድ ክፍሉን፣ ሐኪሞቹንና ፋርማሲውን በአንድ ገጽ ሊያገናኝ የተቀጠረ ወጣት ነው። አዲሱ ገጽ ኔትወርክ ሲጠፋ አይቆምም። የመድኃኒት ሳጥን በካሜራ ሲያሳዩት ጊዜው ያለፈበትን ለይቶ ይናገራል። ሠራተኞቹም አንዱ የጻፈውን ሁሉም የሚያየው መልእክት ይለዋወጡበታል። ነገሩ ጥሩ ነበር፤ ሰዉ ግን እግሩን ጎተተ። ዶክተሩ እንኳ «እኔ ማሽን አላምንም» አሉ፣ አንዱ «ዓይኔን ያመኛል» አለ፣ ሌላው «ኮምፒውተሬ አርጅቷል» አለ፣ ሥልጠና ሲጠሩ ግማሹ ቀረ፣ የመጣውም አንቀላፋ። ልጁ ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ይስቅ ነበር።

የሟቹ ታላቅ እህት የክሊኒኩ ነርስ ናት። ኢንስፔክተሯ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ አገኘቻት። ዓይኗ ደርቋል። ከእንባ ያለፈ ሰው ዓይን ነበር።

«ይኸው አሁንም አለ» አለች ሲስተር፣ ቀና ሳትል። ገጹ ላይ ከሟቹ ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። «እኔ ሬሳውን ገንዤ መጣሁ፣ ይሄ ግን ‹አለ› ይለኛል። ነጥቡን ባየሁ ቁጥር ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ።»

ከነጥቡ ሥር መልእክቱ ተጽፏል። *እህትዓለም፣ እባክሽ ወደ ምድር ቤት ውረጂ። የማሳይሽ ነገር አለ።*

«ይሄ ሲደርስሽ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ከጠዋት ጀምሮ ማዋለጃ ክፍል ምጥ የያዛት ሴት ጋ ነበርኩ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ገና አረፍ ከማለቴ ስልኩ ጮኸ።»

«ለምን አልወረድሽም?»

ሲስተር ከንፈሯን ነከሰች። «ከዋዜማው ተጣልተን ነበር። ‹ሰው ሁሉ ጠላህ፣ እኔንም አስጠላኸኝ፣ ይሄን ሥራ ተወው› ብዬዋለሁ። እና ሲጠራኝ ይጠብቅ አልኩ። እልህ ያዘኝ። እባክሽ እያለኝ አልወረድኩም። ሰዉ ‹ምሳ ሰዓት ላይ የት እንደነበረች የሚያውቅ የለም፣ እሷ ናት› እያለ ያንሾካሹካል። ይበሉ። አንድ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላት። «ይሄን ገጽ ስልኬ ላይ ጫኚልኝ» ብቻ አለቻት።

ካርድ ክፍል ውስጥ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ካርዶች መሃል «ጋሽ ካርድ» የሚባሉ አዛውንት ተቀምጠዋል። አዲሱን ገጽ በአደባባይ የሚሰድቡት እሳቸው ናቸው።

«ጠልተውት ነበር?»

«ገጹን? አዎ! እንጀራዬን ሊነጥቀኝ የመጣ ነገር ልውደደው እንዴ? ልጁን ግን አልጠላሁትም። ‹ጋሼ፣ እርስዎን አስቀምጬ ነው የምሠራው፣ የድሮውን ታማሚ ማን ያውቅልኛል?› ይለኝ ነበር።» አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንደሆን የጠላሁትን ፊት ለፊት ነው የምለው።»

«ጠዋት እዚህ ነበሩ?»

«የት ልሂድ? ወረፋው እስከ በሩ ነበር። በዚያ ላይ የፋርማሲው ደንበኛ ሁሉ እኔ ላይ ተንጫጫ። ፋርማሲው ‹ቆጠራ ላይ ነን› ብሎ ዘግቶ፣ ሰዉ መድኃኒቱን ከእኔ ይጠይቃል!»

ፋርማሲስቱ ግን ኢንስፔክተሯን ብድግ ብሎ ተቀበላት። ጥሩ ልብስ፣ ጥሩ ጠረን፣ ለስላሳ አንደበት። «እግዚአብሔር ያጽናት፣ ያችን ምስኪን እህቱን» አለ። «ልጁ ብርቅ ነበር። ዓለም የት ደርሷል እኮ! እኔ በየስብሰባው ‹አዲሱን ገጽ እንጠቀም› እያልኩ ጉሮሮዬ ነው የደረቀው። ሰዉ ግን ለውጥ አይወድም።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ሲነኩት የሚያቃስት አሮጌ ነው። ከጠረጴዛው ሥር ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ አስተናጋጅ የረሳው ገበታ ይመስል ከላዩ አቧራ ጠጥቷል።

«አዲሱን አልከፈቱትም?»

«ጊዜ የት አለ ብለው! አሮጌውም ገጹን ይከፍታል፣ ሁሉን ባይችልም።»

«ሟቹን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

ፋርማሲስቱ አላመነታም። «ምሳ ሰዓት ላይ። እዚህ መስኮቴ ጋ ቆሞ ሲጽፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ጣቱን አንስቶ ላከው ሲል፣ መልእክቱ እዚህ ስክሪኔ ላይ ብቅ አለ። ‹እህቴን እየጠበቅኩ ነው› ብሎኝ ወደ ምድር ቤት ወረደ። እኔ ከእንግዶች ጋር ምሳ ወጣሁ።» ጠቋሚውን መልእክቱ ላይ አሳረፈ። «ይኸው፣ ስድስት ሰዓት ይላል።»

«የምድር ቤቱ የመድኃኒት ስቶር ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነው?»

«አዎ፣ ግን ለእሱ ክልክል አልነበረም። ሲጠይቀኝ እሰጠዋለሁ።»

ወደ ማታ ኢንስፔክተሯ ብቻዋን ምድር ቤት ወረደች። አስከሬኑ ተነስቷል፤ አቧራው ላይ ግን ቅርጹ ቀርቷል። ቤቱ ከሰው መሄድ በኋላ የሚተነፍስ ዓይነት ነው። አንድ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል፣ መብራቱ ይርገበገባል፣ ሰው ጠራኝ ብላ ሁለቴ ዞረች። ስልኳን አወጣች። ደረጃውን ሳታጋምስ ኔትወርኩ ጠፍቶ ነበር። ገጹን ከፍታ አንዲት ቃል ጻፈችና ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ቆማ ተመለከተች። ከዚያ ከጥግ ካለው የመድኃኒት ሳጥን ላይ ምልክት ወረቀቱን በጥፍሯ ላጥ አደረገች። ከሥሩ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ቀን ነበረ። ሁለተኛውን ሳጥን ላጠች። ሦስተኛውንም።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉንም ፋርማሲው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዶክተሩ ወንበር ላይ፣ ጋሽ ካርድ በሩ ጋ፣ ሲስተር ግድግዳ ተደግፋ፣ ፋርማሲስቱ ከጠረጴዛው ኋላ። ሁለት ፖሊሶች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል።

«ዶክተር፣ አስከሬኑን መጀመሪያ የነኩት እርስዎ ነዎት። ምን ተሰማዎት?»

ዶክተሩ ተቁነጠነጡ። «እውነቱን ልንገርሽ? ስምንት ሰዓት ላይ ነው የተገኘው። ክንዱን ላነሳ ስል እንጨት ሆኖብኛል። በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደዚያ አይደርቅም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መልእክቱ አለ እኮ! ስድስት ሰዓት ላይ የጻፈ ሰው ጠዋት ሊሞት አይችልም። እጄ አርጅቷል ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዕድሜዎን ሙሉ ማሽን አላምንም ሲሉ ኖረው፣ ማመን በሌለብዎት ቀን አመኑት። እጅዎ ልክ ነበር።»

ስልኳን አወጣች። «ዛሬ ጠዋት፣ ማንም ሳይገባ፣ ምድር ቤት ወርጄ አንድ መልእክት ጽፌያለሁ። እዚያ ኔትወርክ የለም። ገጹ ‹መንገድ ሲገኝ ይላካል› አለኝ። ስልኩን ዘግቼ እዚያው ትቼው ነበር፤ አሁን አንስቼ እዚህ ደጅ ድረስ ዘግቼ አመጣሁት። እዩ።»

ስልኩን ከፈተችው። ምንም አልነካችም። ከአፍታ በኋላ የሲስተር ስልክ ጮኸ፣ የዶክተሩ ጮኸ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይም መልእክቱ ብቅ አለ። ሲስተር ደነገጠች። «በራሱ ሄደ» አለች።

«በራሱ ነው የሚሄደው። ኔትወርክ ሲያገኝ ያቆየውን ይልካል። ልጁ ሥልጠና ላይ ያሳያችሁ ይሄንኑ ነበር። ሲስተር፣ መልእክቴን በጣትሽ ጫን አድርጊው።»

ሲስተር ጫነች። «‹የተጻፈው ጠዋት፣ የደረሰው አሁን› ይላል።»

«እርስዎስ?» አለች ወደ ፋርማሲስቱ ዞራ።

ፋርማሲስቱ ጠቋሚውን መልእክቱ ላይ አድርጎ ተጫነ። አሮጌው ስክሪን ላይ የነበረው የመድረሻው ሰዓት ብቻ ነው። ቢጫኑትም ሌላ አያወጣም።

«አሁን የወንድምሽን ጫኚው።»

ሲስተር ጫነችው። ስልኩን ወደ ጋሽ ካርድ ዘረጋች፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው አነበቡላት። «የተጻፈው ጠዋት ሦስት ሰዓት... የደረሰው ስድስት ሰዓት።»

«እንዴት?» አለች ኢንስፔክተሯ፣ የለመደችውን ጥያቄ። «ልጁ ጠዋት ምድር ቤት ሆኖ ጻፈ፤ ወዲያው ተገፍቶ ሞተ። መልእክቱ ስልኩ ውስጥ ታስሮ ቀረ። ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ስልኩን አንስቶ ወደ ላይ ባያወጣው ኖሮ እስካሁን እዚያው ነበር። የሞተ ሰው ደረጃ አይወጣም። ያ ሰው ስልኩን መልሶ ከማስቀመጡ በፊት የራሱን አሻራ ሲጠርግ የሟቹንም ጠረገው፣ የምድር ቤቱን አቧራም አብሮ ወለወለው። ጠዋት ሲስተር ማዋለጃ ክፍል ነበረች። ጋሽ ካርድ ወረፋ ፊት ነበሩ። ዶክተርም ታማሚ ላይ ነበሩ። በሩን ዘግቶ የጠፋው ፋርማሲው ነው።»

«ቆጠራ ላይ ነበርኩ!»

«በዚህ ብቻ ባልያዝኩዎት። የያዘዎት ምላስዎ ነው። ልጁ መስኮትዎ ጋ ቆሞ ሲጽፍ አየሁ አሉኝ። በዚያ ሰዓት የተጻፈ ነገር የለም። ያ መልእክት ስድስት ሰዓት ላይ ሲጻፍ አየሁ ብሎ መመስከር የሚደፍር፣ የመድረሻውን ሰዓት ብቻ በሚያሳይ በዚህ አሮጌ ስክሪን የተማመነ ሰው ነው። ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አይጠረጥርዎትም ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን ጣሉ።»

«አዲሱን ገጽ ከእኔ በላይ ያወደሰ አለ?»

«ያወድሱታል፤ አይጠቀሙበትም። አዲሱ ኮምፒውተር ካሜራ አለው። ካሜራው ሳጥኖቹን ቢያይ፣ በአዲስ ወረቀት የሸፈኑትን ያለፈ ቀን ይናገራል። ጋሽ ካርድ ገጹን እየሰደቡ ልጁን ወደዱት። እርስዎ ገጹን እያመሰገኑ ልጁን ገደሉት።»

«አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ» አሉ ጋሽ ካርድ።

ፋርማሲስቱ ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ለስላሳው ድምፁ ጠፍቶ ነበር። «ሳጥኖቹን ፎቶ አንስቷል፤ ለእህቴ አሳያለሁ አለኝ። ገፋሁት። ብቻ ገፋሁት። ሰው ምሳ ሲወጣ ፎቶዎቹን ላጠፋ ስልኩን ይዤ መጣሁ... እዚህ በሩ ጋ ስደርስ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሰው አልነካውም። እኔ አልነካሁትም። ስክሪኔ ላይ ‹እህትዓለም› አለ። እጁን የጨበጥኩ መሰለኝ። ከዚያ ሰዓቱን ሳይ፣ ያዳነኝ መሰለኝ፤ ፎቶዎቹን አጥፍቼ ስልኩን ጠርጌ መለስኩት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ዶክተሩ እጃቸውን እያገላበጡ ሲያዩት ቆዩ።

ሲስተር አልተንቀሳቀሰችም። «ምሳ ሰዓት ላይ ብወርድ ኖሮስ?» አለች።

«ሬሳ ነበር የምታገኚው።»

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ጠርቶሻል። ጥሪው ግን ከዚያ ግድግዳ አልወጣም። እንቢ አላልሽውም እህቴ። አልደረሰሽም።»

ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ሲበቃት ፊቷን ጠርጋ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ሄደች። ኢንስፔክተሯ አልተከተለቻትም፤ ከደረጃው አፋፍ ቆማ ጠበቀች። ከታች የስልክ ብርሃን ነጩን ግድግዳ ሲያበራ ይታያት ነበር። ሲስተር ልክ ወንድሟ የወደቀበት ቦታ ቆማ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣች።

የመጨረሻውን ደረጃ ስትረግጥ፣ በኢንስፔክተሯ ቦርሳ ውስጥ በላስቲክ የታሸገው የሟቹ ስልክ ተንቀጠቀጠ። አውጥታ አየችው።

*መጣሁ፣ ወንድምዓለም።*