የእማማ ባየሽ ነጠላ

«አጥፊው» አሉ አቶ ሙነወር።

ሶሲ መጀመሪያ አልገባትም። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው አጠገብ ሆኖ ድምፅ እየቀዳ ነበር። የታሪክ መምህሯ «ጦርነት ያየ ሰው ፈልጋችሁ አናግሩ» ብላ የቤት ሥራ ስትሰጥ ከማንም በፊት የታወሷት አቶ ሙነወር ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። የእናቷ ታላቅ ወንድም ገብረሕይወትም ከእሳቸው ጋር በአንድ መርከብ ላይ አገልግሏል። እስካሁን ጨዋታው ደህና ነበር። ስለ ምጽዋ ሙቀት፣ ማዕበል በተነሳ ቁጥር ስለሚያስመልሳቸው አዲስ ምልምሎች ሲያወሩላት ሶሲ በሳቅ ልትፈርስ ነበር። እሳቸው ግን ስትስቅ ቀና ብለው አዩዋትና በእጃቸው ወደ ስልኩ ጠቆሙ።

«አጥፊው ልጄ። ስትስቂ ቁርጥ እሱን ነው የምትመስዪው። ይኼ ፍንጭትሽ…»

ሶሲ ስልኩን አጠፋችው። «ማንን… አጎቴን ነው?»

«ገብሬን ነዋ።» አቶ ሙነወር ብርጭቆውን አነሱና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። «እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

ውጭ በስደት ከተማቸው በፌደራል ዌይ ዝናብ ይዘንባል።  በእነሶሲ ቤት አጎቷ «የጠፋ» ሰው ነው። በአያቷ በእማማ ባየሽ ፊት ሞተ ተብሎ አያውቅም።

«በሰማንያ ሁለት፣ በየካቲት» አሉ አቶ ሙነወር። «ከተማዋ በመድፍ ስትናጥ ወደቡ ላይ ነበርን። ፍንጣሪ እዚህ ጋ መታው።» ጎናቸውን ነኩ። «ተሸክሜ ከጨው ማምረቻው ጀርባ ወሰድኩት። ውሃ ጠየቀኝ። ያ ሁሉ ባሕር አጠገባችን ተኝቶ የምሰጠው አንድ ጉንጭ ውሃ አጣሁ። እስኪነጋ አልቆየም።»

«ከዚያስ?»

«በእጄ ቆፈርኩ። አሸዋ ስለሆነ አልከበደኝም። የእናንተን ጸሎት አላውቅም፤ ቄስ ከየት ይመጣል? የማውቀውን ፋቲሓ ቀራሁለት።» አንገታቸውን ደፉ። «ጥፋት ሠርቼ ይሆን እያልኩ እስከዛሬ አስባለሁ።»

ሶሲ አማርኛዋ እዚህም እዚያም ቢሰባበርም አንቱታዋን አትስትም። «እርስዎ… ለእማማ ለምን አልነገሯቸውም? እማማ እኮ አሁንም ይጠብቁታል።»

«መርዶ ለብቻ አይነገርም ልጄ። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው። እዚህ እንደመጣሁ ለእናትሽ ነገርኳት። ‹ተው› አለችኝ። ተውኩ።»

* * *

እናቷ ሮማነወርቅ የቤት ለቤት ታማሚ ስትንከባከብ ውላ ሶሲን ልትወስድ መጣች። አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ እንደወጡ ሶሲን አላስችል አላት።

«ማሚ፣ ታውቂ ነበር?»

እናቷ «ምኑን?» አላለችም። የመኪናውን መጥረጊያ ፍጥነት ጨመረች፤ ዝናቡ ግን አልጨመረም ነበር።

«እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ» አለች። «ትከሻው ላይ አስቀምጦ ጨው የሚደርቅበትን ሜዳ ያሳየኝ ነበር። እዚህ አገር አድጌ፣ አግብቼ፣ ወልጄ ነው ሙነወር የነገረኝ።»

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ከምጽዋ የመጣው ሁሉ።»

«ኤቭሪባዲ? ከእማማ በስተቀር?»

«የእማዬ ልብ ደካማ ነው። ዶክተሩ ያለውን ሰምተሻል። ዛሬ ብናረዳት ነገ የምንቀብረው እሷን ነው። ሶሲ፣ ሆድ ይፍጀው። ፕሮሚስ አድርጊልኝ።»

«ኦኬ» አለች ሶሲ።

«ኦኬ አይደለም፤ ፕሮሚስ።»

«ፕሮሚስ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እማማ ባየሽ ላይ የደረሰው ግን ከዚያም የባሰ ነው። በየዓመቱ በየካቲት የምጽዋ ቤተሰቦች አልካይ የባሕር ዳርቻ ይሰበሰባሉ። ቄስና ሼህ ጎን ለጎን ቆመው ይጸልያሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቤተሰብ ወደ ውሃው ዞሮ የሟቹን ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ልጅ ወይም ባል የሞተባቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ይመጣሉ። እማማ ባየሽም አንድም ዓመት ቀርተው አያውቁም። እሳቸው ግን የሚመጡት ሌሎቹን ለማጽናናት ነው። ጥለታቸው ወደ ታች ነው። ድፎ ዳቦ ይዘው እየዞሩ «አይዟችሁ፣ እግዜር ያጥናችሁ» ይላሉ። እውነቱን የሚያውቁት ሁሉ ዳቦውን ይቀበላሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይበላሉ። ሶሲም ከሕፃንነቷ ጀምሮ የዳቦ መቁረጫውን ቢላ ትይዝላቸው ነበር። 

* * *

ከዚያ ቀን በኋላ ሬንተን ከተማ ያለው ቤታቸው ሌላ ቤት ሆነባት። የምታውቀው ነገር ሁሉ ፊቱን ያዞረባት መሰላት።

እማማ ባየሽ ልጃቸውን በሃያ አራት ዓመቱ አላስቀሩትም። እያሳደጉት፣ አሁን ደግሞ እያስረጁት ነው። «ዘንድሮ ስልሳ ሊደፍን ነው» ይላሉ። «ፀጉሩ ሸብቶ ይሆናል፤ አባቱም ቶሎ ነው የሸበተው።» ባለፈው ክረምት ከፋርማሲ የማንበቢያ መነጽር ገዝተዋል። ሶሲ «ለእርስዎ ነው?» ብትላቸው «ለገብሬ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ያለ መነጽር ማንበብ አይችልም» አሏት። ያኔ ሶሲ ስቃ ለጓደኞቿ አውርታዋለች። አሁን መነጽሩን መስኮቱ ላይ ባየችው ቁጥር ማንም እንደማያደርገው ታውቃለችና ቶሎ ታልፈዋለች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመነጽሩ መስታወቶች ተወልውለው አገኘቻቸው።

ከሁሉ የከፋባት ግን የራሷ ፊት ነው። ጥርሷን ስትፋቅ መስታወት ውስጥ የምታየው ፍንጭት የእሷ አልመስል አላት። ውሃ የጠየቀ አፍ ነው። ማታ ጥርሷን ስትቦርሽ ቧንቧውን ዘግታ መቆም ጀመረች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቀስ በቀስ መሳቁንም ተወችው።

በትምህርት ቤት ኤርትራዊቷ ጓደኛዋ ሚርያም «ወይ ጉድ፣ ምን ሆነሻል? ሰው የሞተብሽ ነው የምትመስዪው» አለቻት።  የሚርያምም አጎት በዚያው ጦርነት፣ በዚያችው ከተማ ነው የሞተው፤ በወዲያኛው ወገን ተሰልፎ። ፎቶው እነሚርያም ሳሎን ተሰቅሏል። ሶሲ እዚያ ቤት ስትገባ ፎቶው ከብዷት አያውቅም። በዚያ ቤት ተለቅሷል፣ ተዝካሩ ወጥቷል፣ ሰውየው ሞቶ አርፏል። የእሷ አጎት ግን አልሞተም፣ አልኖረም፤ ቤት ውስጥ ይዞራል።

* * *

ወደ አልካይ የሚኬድበት ቅዳሜ ጠዋት ሮማነወርቅ መኪናውን ልታሞቅ ወረደች። ዳቦው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እማማ ባየሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ሆነው ነጠላቸውን ለሶሲ አቀበሏት። ትከሻቸው እንደ ልብ ስለማይታዘዝላቸው ማልበስ የእሷ ሥራ ነው።

«ሙነወር ምን አለሽ?» አሉ እማማ።

የሶሲ እጅ ነጠላው ላይ ቀረ። «ስለ መርከቡ ነው ያወራነው።»

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

«ስለ መርከቡ» አሉ እማማ። «መርከብ እንዲህ ሳቅ የሚነጥቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።»

ሶሲ የነጠላውን እጥፍ መፍታት ጀመረች።

«ልጄ፣ አርጅቻለሁ እንጂ አልታወርኩም። ሰው ዳቦዬን ሲቀበለኝ መሬት መሬት ያያል። ሙነወር አልካይ ድረስ መጥቶ ከመኪናው አይወርድም። እኔን ነው የሚሸሸው። የልጄ ጓደኛ ምን አድርጌው ይሸሸኛል?»

«ታዲያ ለምን አይጠይቋቸውም?»

«መርዶ ይነገራል እንጂ ይጠየቃል እንዴ? እናት አፍ አውጥታ ‹ልጄ ሞቷል ወይ?› ትላለች? ሳይነገረኝ ያለቀስኩ እንደሆነ እኮ እኔው ነኝ የገደልኩት።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው ሲሉት የኖሩ ይመስላሉ። «አንዳንድ ቀን ይመጣል እላለሁ። መነጽር እገዛለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ እሱን መጠበቁን ትቼ የሚያረዳኝን ሰው ብቻ እጠብቃለሁ። ማንም አልመጣም። በይ አልብሺኝ፤ እናትሽ ትቆጣለች።»

ሶሲ ነጠላውን ዘረጋችው። እናቷን ፕሮሚስ አድርጋላታለች። ዶክተሩ ያለውም እውነት ነው። ደግሞ መርዶ የልጅ ሥራ አይደለም፤ ሽማግሌ አለው፣ ሥርዓት አለው። ይኼን ሁሉ ታውቃለች። ፈርታለችም። ግን እነዚያ ሽማግሌዎች ሁሉ ዳቦ ሲበሉ ነው የኖሩት።

ነጠላውን ገለበጠችው። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ በቀስታ፣ በእማማ አንገት ዙሪያ አለበሰቻቸው።

የእማማ ጣቶች እንደ ልማዳቸው ሊያስተካክሉ ወደ አንገታቸው ሄዱ። ጥለቱን ነኩት። እዚያው ቆሙ። ከዚያ ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት።

ሶሲ ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች። አውራ ጣቷን አንጓቸው ላይ አድርጋ የልባቸውን ምት ፈለገችው። ይመታል። ፈጠነ፣ ግን ይመታል።

«ብቻውን ነበር?» አሉ እማማ።

«አልነበረም። አባባ ሙነወር አብረውት ነበሩ። በእጃቸው ነው የቀበሩት።»

«ምን ተባለለት?»

«የእኛን ጸሎት ስለማያውቁ… ፋቲሓ ቀሩለት። ጥፋት ሠርቼ ይሆን እያሉ እስከዛሬ ይጨነቃሉ።»

እማማ ባየሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣው ነገር ሶሲ ሰምታው የማታውቀው ዓይነት ነበር። «ገብሬ» አሉ፤ «ገብሬ ልጄ፣ ገብሬ አባቴ» እያሉ ሰውነታቸው እየተወዛወዘ አለቀሱ። ሶሲም አብራቸው አለቀሰች፤ አውራ ጣቷን ግን ከአንጓቸው ላይ አላነሳችም።

ሮማነወርቅ ቁልፏን እንደያዘች እየሮጠች ገባች። የእናቷን አንገት አየች። ጥለቱን አየች። ፊቷ ጨው መሰለ።

«ሶሲ! ምን አደረግሽ?»

ሶሲ ዓይኗን አልሰበረችም።

«ልጄን አትቆጪብኝ» አሉ እማማ በእንባ መካከል። «ሮማነ፣ አንቺም እኮ ወንድምሽን አላለቀስሽውም። እኔን እጠብቃለሁ ብለሽ።»

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሶሲ ትጮህብኛለች ብላ ጠበቀች። ሮማነወርቅ ግን ቁልፉን ወለሉ ላይ ለቀቀችው፤ ከትከሻዋ ላይ የራሷን ነጠላ አወረደች። ገለበጠችውና ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰችው። ከዚያ መጥታ በእናቷ እግር ሥር፣ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ቁጭ አለች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ እማማ ባየሽ ፊታቸውን ጠረጉ። «እንሂድ» አሉ። «ዛሬ ስሙን የምጠራው እኔ ነኝ።»

ሶሲ እንደ ልማዷ ዳቦውን አነሳች።

«እሱን ተይው» አሏት። «ዛሬ ዳቦ የሚመጣው ለእኛ ነው።»

ሶሲ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ከዚያ ማንም ሳያዛት ስልኳን አወጣችና አቶ ሙነወርን ኮል አደረገቻቸው። እሳቸው አልካይ ደርሰዋል፤ መስኮታቸው ላይ የሚወርደው ዝናብ በስልኩ ይሰማል።

«አባባ ሙነወር፣ ዛሬ መኪና ውስጥ እንዳይቀመጡ» አለች። «ከእኛ ጋር ነው የሚቆሙት።»



«ማን ነው ያለው?» አሉ አቶ ሙነወር።

ሶሲ ስልኩን ለእማማ ሰጠቻቸው።