የፈረንጅ ሽኮኮ ቤትና ሁለቱ ቁራኞች

ይህን ነገር ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ሰው በሸዋ ምድር የለም፤ የጠራቢውን ጋቢ ጫፍ ከልጅቱ ኩታ ጫፍ ጋር የቋጠርሁት በእነዚህ በሁለት እጆቼ ነው። የእኔ ቋጠሮ ደግሞ ቋጠሮ ነው፤ ዝሆን ቢጎትተው ዝሆኑ ይደክማል እንጂ እሱ አይላላም።

ያን ጊዜ አንኮበር፣ በወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቤት አጋፋሪ ነበርሁ። ደጅ ላይ ቆሜ «ማነህ?» ስል ድምፄ ቁልቁል ቆላ ወርዶ ግመሎቹን ያስበረግጋል ይባል ነበር። የሚለው እኔ ብሆንም፣ ይባል ነበር።

በዚያ ዓመት አንድ ፈረንጅ ወደ ባሕሩ ሲወርድ ሁለት አውሬ ለወይዘሮዋ አደራ ሰጥቶ ሄደ። አውሬ ማለቴ ለክብራቸው ነው እንጂ አንዱ በሁለት መዳፍ ይያዛል። ጅራት የሚባል የላቸውም፤ ሲርባቸው እንደ እረኛ ያፏጫሉ። ወንዱ ጥቁርና ነጭ፣ ሴቷ የተቆላ ገብስ የምትመስል ነበረች። ፈረንጁ ስማቸውን ቢነግረንም ምላሳችን አልታጠፍ አለ። ከገደላችን ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን ሽኮኮ ስለሚመስሉ የፈረንጅ ሽኮኮ አልናቸው። መከራው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ስም ነው።

እንድትጠብቃቸው የተሰጡት ለአልታየች ነበር። አልታየች የለሚ አገር ልጅ ናት። እንጀራ አባቷ የልጅ ልጅ ላየ ሽማግሌ ሊድራት ቃል ሲገባ ወይዘሮዋ ሰምተው አስመጧትና ከቤታቸው አስቀመጧት። ስትስቅ እልፍኙ መብራት አያሻውም ነበር፤ ግን አዘውትራ አትስቅም። በር በተንኳኳ ቁጥር ከለሚ ሊወስዳት የመጣ ሰው ይመስላት ነበር።

የአንኮበር ብርድ ድንጋይ ያስነጥሳል። አውሬዎቹን ውጭ ማሳደር አይቻል፤ ሸለምጥማጡም አለ። ቤት ውስጥ ይሁኑ ተባለና መኖሪያ ፍለጋ ተጀመረ። ቁና ውስጥ ብናደርጋቸው ገልብጠውት ወጡ። ጎታ ውስጥ ብናደርጋቸው ታፍነው ዝም አሉ። በመጨረሻ ወይዘሮዋ «ከመዘዞ የመጣው እንጨት ጠራቢ ይጠራ» አሉ።

ጠራቢው ዘርአ ዳዊት ይባላል፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ ልጅ። አውሬዎቹን አየና «ሽኮኮ አይደሉ? የሽኮኮ ኑሮ ከገደል ነው» አለ። እኛም ሁላችን «እውነት ነው!» አልን። እሱም ገደል ሠራላቸው። ባለ ሦስት ደርብ፣ ከታች ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ከላይ የወይራ ቅርንጫፍ የተዘረጋበት፣ ዙሪያውን በቀጫጭን እንጨት የታጠረ ቤት። ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር፤ ከእኔ የሚበልጥ ቁመት ደግሞ በአገሩ አልነበረም።

ቤቱን ለአልታየች ሲያስረክባት ዓይኗን አየና መዶሻውን እግሩ ላይ ጣለው። አላቃሰተም። እሷም አልሳቀችም፤ አንገቷን ደፋች እንጂ። ሌላ ሰው አላየም፤ እኔ ግን አየሁ።

በሳምንቱ ጠዋት የአልታየች ጩኸት ከእልፍኝ ተሰማ። ወንዱ ከላይኛው ደርብ ወድቆ ከድንጋዩ ላይ ተዘርግቷል። ሴቷ ከጎኑ ሆና ታፏጫለች።

ዘርአ ዳዊት እየሮጠ መጣ።

«ገደል ሠርተህ ገደል ከተትኸው!» አለችው አልታየች።

«ሣሩን ከላይኛው ደርብ ያስቀመጠው ማነው? ሳይጠሩት ይወጣል?»

«ታችኛው ብርድ ሆኖባቸው ነዋ! ድንጋይ አንጥፈህ! አንተ እስቲ እዚያ ላይ ተኛበት!»

«እኔማ ለሽኮኮ ነው የሠራሁት!»

«ሽኮኮ አይደሉማ! አንድ ቀን እንኳ ሲዘሉ አይተሃል?»

ወይዘሮዋ ብቅ አሉ። ቤተ ሰቡ፣ እንግዳው፣ ደጅ ጠኚው ሁሉ ቆሞ ነበር። ወይዘሮዋ የሞተውን አዩ። ፊታቸው አልተለወጠም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር።

«አደራ ነው ብዬ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጥፋቱ የሱ ከሆነ አንኮበርን ዳግም አይረግጥም። ያንቺ ከሆነ፣ አልታየች፣ ለሚ ወደ እንጀራ አባትሽ ትመለሻለሽ። የገዛ ቤቴን ነገር እኔ አልፈርድም። ደብረ ብርሃን ዳኛ አለ። ቁራኛ እሰራቸው።»

የአገሩ ደንብ ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ አንዱ ሌላውን ሳይለቅ፣ ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። እኔም ቋጠርኋቸው። ስቋጥር የአልታየች እጅ እንደ በረዶ ነበር። እሷ ከተረታች ያ ሽማግሌ አለ፤ እሱ ከተረታ እንጀራው ይቆረጣል። አንዱ የሚድነው ሌላው ሲጠፋ ነው። በአንድ ቋጠሮ ሁለት ጠላት አሰርሁ ብዬ ተነሣሁ።

ዳኛው ሳያያት እንዳይፈርድ ብለን ሴቷን አውሬም ይዘናት ወጣን። አልታየች አገልግል ውስጥ አድርጋ ክዳኑን ገጠመች። ዘርአ ዳዊት የመሣሪያ ሣጥኑን በትከሻው ተሸክሟል፤ ከተረታ ተመልሶ የሚወስድበት የለምና።

አቀበቱን እስክንጨርስ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እሱ ሲፈጥን ኩታዋ ይሳባል፤ እሷ ስትቆም ጋቢው ይወጠራል።

«ቀስ በል፣ በሬ አይደለሁም» አለችው።

«በሬ ቢሆንማ ይሄድ ነበር።»

ጉሙ ውስጥ ገባን። በእጄ ያለውን ዱላ እንኳ አላየሁትም፤ እንዲያውም በእጄ መኖሩን የተጠራጠርሁበት ጊዜ ነበር። በድንገት አልታየች ቆመች።

«ፉጨቷ ጠፋ» አለች።

አገልግሉን ከፈተችው። አውሬዋ ጎኗ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አፏ ተከፍቷል። ዘርአ ዳዊት ተንበረከከ፤ ስለተቋጠሩ እሷም አብራው ወረደች።

«አየር አጣች» አለ። «ክዳኑን ተይው።»

«ነፋሱስ? አታየውም ነፋሱን?»

«ኩታሽን ጋርጂባት።»

ጋረደችባት። አውሬዋ ግን ከአገልግሉ ወጥታ ከአልታየች ጉያ ልትገባ ትፍጨረጨር ጀመር፤ ጨለማ፣ ዝቅ ያለ ነገር ፍለጋ። አልታየች ሆዷን ዳሰሰችና ቀና ብላ አየችው። ከነጋ ጀምሮ በቀጥታ ስታየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው።

«ዘርአ ዳዊት» አለች፤ ስሙን ጠርታ። «ይህች እርጉዝ ናት። ምጥ ይዟታል።»

ከዚያ ሜዳ ላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ልነግራችሁ አልችልም፤ አንድ በግ ከጣርማ በር አንሥቶ ደብረ ብርሃን ያወረደበት ቀን አለ። በአጠገባችን አንድ የፈረሰ የማሳ ጎጆ ነበርና እዚያ ተጠጋን። ግማሽ ግድግዳ፣ ሩብ ጣሪያ።

«ቤት ያስፈልጋታል» አለች አልታየች። «አሁን። ሰፋ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ከታቹ ደረቅ የሆነ። የምትደበቅበት ያለው።»

ዘርአ ዳዊት ዙሪያውን አየ። ድንጋይና ጭቃ ብቻ። ከዚያ ሣጥኑን ከትከሻው አወረደ። የጥድ ሣጥን ነው፤ ረጅም፣ አጭር ግድግዳ ያለው። አንድ ጊዜ በመዳፉ ዳሰሰው። ከዚያ ምሳሩን፣ መሮውን፣ መጋዙን እርጥብ መሬት ላይ ዘርግፎ፣ መሰርሰሪያውን ብቻ አንሥቶ ጎኑን ይበሳው ጀመር።

«መሣሪያህ ይዝጋል» አለችው።

«ይዛግ።»

«ሣጥኑ ያባትህ እንደሆነ ሰምቻለሁ።»

«አባቴ ቢኖር እሱ ይበሳው ነበር። ገለባውን ስጪኝ፣ አያ ገብረአብ የተቀመጠበትን።»

ገብረአብ እኔ ነኝ። ተነሣሁ፤ ገለባውንም ሰጠሁ። በአንዱ ጥግ ቁራጭ እንጨት አጋድሞ ትንሽ ጣሪያ ሠራላት። ስናስገባት በቀጥታ ወደዚያች ጥግ ገባች፤ ተጠቀለለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ መንቀጥቀጧን ተወች።

ሁለቱ ከሣጥኑ አጠገብ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ፤ ቋጠሮዬ ሌላ አይፈቅድም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ካፊያውን በደረቴ መለስሁት።

«ለሚ ያለው ሰውዬ» አለ እሱ በመጨረሻ፣ ሣጥኑን እያየ፣ «ክፉ ነው?»

«ክፉ አይደለም። ሽማግሌ ነው። ሊያገባኝ ሲል ጥርሴን ከፍቶ አየው። እንደ በቅሎ።»

ዘርአ ዳዊት መሰርሰሪያውን በእጁ ጨበጠ። እሷም ጎንበስ ብላ የጣቱን ደም በኩታዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ሲበሳ ቆስሎ ኖሯል። ከዚያ ጫፉን ከጣቱ ላይ አላነሣችም፤ እሱም ጣቱን አልሳበም።

ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭን ፉጨት መጣ። ቀጥሎ ሌላ። ሦስት ግልገል፣ ጠጉራቸው የሞላ፣ ዓይናቸው የተገለጠ፣ በተወለዱ ቅጽበት የሚሮጡ! ለሰው ስነግር ዐሥራ ሁለት ናቸው እላለሁ፤ ለእናንተ ግን እውነቱን ልናገር፣ ሦስት ነበሩ። አልታየች ሳቀች። ስለ መብራቱ ያልኋችሁን ያጋነንሁ መስሏችሁ ከሆነ፣ ያን ጎጆ አላያችሁትም።

ሳቋ ግን አልቆየም። ነገ ዳኛ ፊት መቆም አለ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ እሷን ከሴቶች ጋር አሳደርኋት፤ እሱን ከእግሬ ጋር አሰርሁት። ጠዋት እንደገና ቋጥሬ ባላምባራስ ገብረጻድቅ ፊት አቆምኋቸው። ባላምባራስ ከወይራ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ፊታቸው ቁጡ፣ ሲናገሩ ወፍ ከዛፉ የሚነሣ ዳኛ።

«ከሳሽ ማነው?»

«እኔ ነበርሁ፣ ጌታዬ» አለች አልታየች። «ክሴን ትቻለሁ። ሣሩን ከላይ አስቀምጬ አውሬውን የገደልሁት እኔ ነኝ።»

«ትዋሻለች!» አለ ዘርአ ዳዊት። «ገደሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ሳልጠይቅ ሽኮኮ ነው ብዬ።»

«ሣሩን ባላስቀምጥ አይወጣም ነበር!»

«ደርብ ባይኖር የት ታስቀምጪው ነበር?»

«አንተ ዝም በል!»

«አንቺ ዝም በይ!»

ሰዉ ሳቀ። ባላምባራስ አልሳቁም። እጃቸውን ሲያነሡ ሁሉም ጸጥ አለ።

«ልጄ፣ ከተረታሽ የት እንደምትገቢ ታውቂያለሽ?»

«ለሚ» አለች።

«አንተስ?»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ዳኛው ተራ በተራ አዩአቸው። እፎይ፣ ምሕረት ሊያደርጉ ነው ብዬ አሰብሁ። «ያመነ ሰው ላይ ምስክር አይቆጠርም» አሉ። «ሁለታችሁም አምናችኋል። እሱ ከአንኮበር ይውጣ፤ እሷ ለሚ ትመለስ። አጋፋሪ፣ ፍታቸውና አንተ ራስህ አድርሳት።»

ዝሆን የማይፈታውን ፈታሁት።

ከከተማው መውጫ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ለሚ፣ አንዱ ወደ መዘዞ። እኔ ሣጥኑን ከነአውሬዎቹ ተሸክሜአለሁ፤ እሱ መሣሪያውን በጋቢው ቋጥሯል። ማንም ሳያስራቸው ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት። መንታ መንገዱ ላይ ቆሙ። እሱ እግሩን አያነሣም፤ እሷ ቀና አትልም።

«ዝም ብለህ ልትሄድ ነው?» አለችው።

«እናቴ መዘዞ ናት» አለ። ቃሉን እንደ ድንጋይ እያነሣ። «ቤቷ ጠባብ ነው። ጣሪያውም ያፈስሳል። ግን እናቴ… የሰው ጥርስ ከፍታ አታይም።»

«ልመናህ ይኸው ነው?»

«ሌላ አልተማርሁም።»

«ጣሪያውን ትከድነዋለህ?»

«ዛሬ።»

ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ደርቋል። «አያ ገብረአብ፣ ለሚ አልሄድም። ታዝዘሃል፤ ጎትተኝ።»

እኔ ዐሥር በሬ በአንድ እጄ የጎተትሁ ሰው ነኝ። የዳኛ ትእዛዝ አለብኝ፤ ወይዘሮዋም አሉብኝ፤ ቆዳዬንም እወደዋለሁ። እጄን ዘረጋሁ። ዘርአ ዳዊት መሣሪያውን መሬት ላይ አስቀምጦ በመካከላችን ቆመ። ምሳሩን አላነሣም፤ ዝም ብሎ ቆመ እንጂ።

ያ ዐሥር በሬ የጎተተ ክንድ ወረደ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እግሬን አነሣሁና የሌለ እሾህ እነቅል ጀመር። እሾሁ ብዙ ጊዜ ወሰደ። ቀና ስል የመዘዞው መንገድ ላይ ሁለት ነጫጭ ልብሶች ጉሙ ውስጥ ሲገቡ አየሁ።

አንኮበር ስደርስ ወይዘሮዋ እልፍኝ ነበሩ። ሣጥኑን ከፊታቸው አስቀመጥሁ። ክዳኑን አነሡት፤ አራቱም አፏጩ። ግልገሎቹን፣ ጥግ ላይ ያለችውን ጣሪያ፣ የተበሳውን ጎን ብዙ አዩ።

«አደራው ሁለት ነበር፤ አራት ሆነ» አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ልጅቱስ?»

ጋቢዬን አደግድጌ ጠጋ አልሁ።

«ሽፍታ፣ እመቤቴ!» አልሁ። «አርባ ሽፍታ! ፈረሳቸው እሳት የሚተፋ! ሠላሳውን ጣልሁ፤ ዐሥሩ ግን ይዘዋት በረሩ። እርስዎ ይሙቱ!»

«ሠላሳ ሰው ጥለህ» አሉ ጋቢዬን እያዩ፣ «ጭቃ እንኳ አልነካህም።»

እኔም ጎንበስ ብዬ ጋቢዬን አየሁ።

ወይዘሮዋ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ጅራፍ ሊያስመጡ ነው ብዬ ጀርባዬን አዘጋጀሁ። ሲመለሱ በክንዳቸው ላይ ጥልፍ ቀሚስ ነበር፤ አዲስ፣ ገና ያልተለበሰ። ዓይናቸውን ከእኔ አሸሽተው አቀበሉኝ።

«ይህን ለእነዚያ ለዐሥሩ ሽፍቶች አድርስልኝ» አሉ። «እጅጌው ከረዘማት እንዲያሳጥሩላት ንገራቸው።»