በአዲሱ አውቶቡስ ጎማ ሥር

ሳሚ የተገኘው ንጋት ላይ በአውቶቡሶቹ ጋራዥ ግቢ፣ ከአንዱ አውቶቡስ የፊት ጎማ ሥር ነው። ደረቱ ተጨፍልቋል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተከፍቶ ደሙ ከፀጉሩ ጋር ረግቷል። ኢንስፔክተር የሺሐረግ ከቺሮ እስከ ቦርደዴ ባለው መንገድ ስንት የመኪና አደጋ አይታለች፤ የዛሬው ግን ከሁሉም ከበዳት። የምታውቀው ልጅ ነዋ። ሃይድሮጅን በሚባል ጋዝ የሚሄዱት፣ በጭስ ፈንታ ከኋላቸው ውሃ ብቻ የሚያንጠባጥቡት አዳዲስ አውቶቡሶች ቺሮ ከተማ ሲገቡ፣ ሾፌሮቹን ያሠለጠነው እሱ ነበር።

እንግዲህ ሰው ሲሞት ጥፋተኛ ይፈለጋል፤ ሲፈለግ ደግሞ ደካማው ይቀድማል። አውቶቡሱን ማታ ያቆመችው ፈይሩዝ የምትባል ወጣት ሾፌር ናት። «ፍሬን ሳትይዝ ወርዳ ነው፤ ቁልቁል ተንሸራቶ ጨፈለቀው» የሚለው ወሬ ፀሐይ ሳትሞቅ ከተማውን አዳረሰው። የሳሚ ዘመዶች ዱላና ድንጋይ ይዘው የጋራዡን በር ከበቡ። ከፊት የሟች እናት ወይዘሮ አጸደ አሉ። ፖሊሶች ፈይሩዝን ወደ ጥበቃው ክፍል ሲያስገቧት ቅንድቧን የፈነከታት ድንጋይ ከእሳቸው እጅ ነው የወጣው።

የሺሐረግ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። ደሙ በልጅቷ ጉንጭ ወርዶ ሂጃቧን አርሶታል።

«ፍሬን ይዘሽ ነበር?»

«ወላሂ ይዣለሁ፣ እትዬ። ባልይዝ እንኳ መኪናው ሲጠፋ ራሱ ይይዛል።»

«ከዚህ በፊት ምን ነድተሻል?»

«ምንም። መሪ የጨበጥኩት እዚሁ ነው፤ ሳሚ ነው ያስተማረኝ።» ድንጋይ የቆርቆሮውን ጣሪያ መታው። ልጅቷ ተኮራመተች። «ለእነሱ ትሰጡኛላችሁ?»

«አንሰጥሽም» አለቻት። አፏ ይበል እንጂ በሩን የያዙት ፖሊሶች ጥቂት ናቸው፤ ውጭ ያለው ሰው ደግሞ ይጨምራል። እውነቱ ቶሎ ካልታወቀ ይህች ልጅ ዛሬ በድንጋይ ተወግራ እንደምትሞት የሺሐረግ አልጠፋትም።

ወደ አውቶቡሱ ተመለሰች። የግቢው ጥበቃ ዓሊዩ ተከተላት።

«ግቢውን የምትጠርገው መቼ ነው?»

«ማታ፣ አውቶቡሶቹ ከገቡ በኋላ ነው። ንጋት ላይ ሳሚ እንደ ልማዱ ማልዶ ሲገባ እኔ ለሱብሒ ሶላት ወጣሁ፤ ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ያ ረቢ፣ ምነው ባልወጣሁ።»

የሺሐረግ ተንበረከከች። የመጥረጊያው ጭረት አቧራው ላይ እንዳለ ነው። በጭረቱ ላይ፣ አውቶቡሱ ካደረበት ቦታ አንሥቶ አሁን እስከቆመበት ድረስ፣ የውሃ ጠብታ ተከታትሎ ወርዷል። ቀጥላ ዞረች። ከኋላው ጎማ ፊት አንድ ድንጋይ ተሸጉጧል። በእንጨት ገልብጣ ስታየው ከላይ ንጹሕ ነው፤ ከሥሩ ደምና ፀጉር ተጣብቆበታል። በዙሪያው ያለው መሬት ግን የደም ጠብታ የለበትም።

«ይህን የጎማ ታኮ ማን አደረገው?»

«እኔ አልነካሁም። እዚህ ግቢ ታኮ ክልክል ነው። ሳሚ ‹ድንጋይ የሚያምን ሾፌር ፍሬን ይረሳል› እያለ ይቆጣ ነበር።»

«ከማን ተጣልቷል?»

ዓሊዩ መሬት መሬት አየ። «ኦቦ መህዲ ዝተውበታል። ደግሞ ትናንት ሳሚ ጋሽ ኃይለገብርኤልን በሰው ፊት ‹የእርስዎ እግር ከቅጥቅጥ አልላቀቅ አለ፤ መሪውን ይተዉትና በር ይጠብቁ› አላቸው። ሰውም ሳቀ።»

ኦቦ መህዲ ወደ በደሳና ወደ ቦኬ የሚመላለሱት የአሮጌዎቹ ቅጥቅጦች ባለቤት ናቸው። ጫታቸውን በጉንጫቸው ይዘው መጡ።

«‹አውቶቡሱን ከነአሠልጣኙ እቀብረዋለሁ› ብለዋል አሉ» አለቻቸው የሺሐረግ።

«ብያለሁ። ተሳፋሪዬን ወሰደብኝ፤ እሰይ ልበል? ግን እኔ መኪና ገዛሁ እንጂ ነድቼ አላውቅም። ያንን ሰይጣን በምን አስነሣዋለሁ?»

ጋሽ ኃይለገብርኤል ደግሞ ዓይናቸው በለቅሶ ቀልቷል። በሐረርጌ መንገድ ዕድሜያቸውን በመሪ ላይ የጨረሱ፣ አሁን ከፈይሩዝ ጋር በአዲሱ አውቶቡስ የሠለጠኑ፣ ቅጥቅጥ ሲነዱ ተሳፋሪ «እሳቸው ካሉ እተኛለሁ» የሚልላቸው ሰው ናቸው።

«እኔ ኪዳን ቆሜ ነበር፣ ልጄ። እነዚህ መኪኖች አይታመኑም፤ ሞተራቸው ጠፍቶም ይሄዳሉ። ልጅቱም ገና ጫጩት ናት፤ ምን ታውቃለች?»

«ልክ ነዎት። እስቲ አንድ ነገር ያግዙኝ» አለች የሺሐረግ።

ወይዘሮ አጸደንና ጥቂት የሰፈር ሽማግሌዎችን አስገባች። ሁሉም ግቢው መሐል ቆሙ። ፈይሩዝ ስትወጣ እናትየው ሊዘሉባት ሲሉ ኦቦ መህዲ ያዟቸው።

«ሁለተኛውን አውቶቡስ ተራ በተራ አንቀሳቅሳችሁ ቁልቁለቱ ላይ አቁሙልኝ» አለች የሺሐረግ። «ፍሬኑ መያዝ አለመያዙን ሕዝቡ በዓይኑ ይመልከት።»

ፈይሩዝ ነዳች፣ አቆመች፣ አጠፋች። ወርዳ ወደ ኋላዋ ሳታይ ሄደች። አውቶቡሱ ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ ኃይለገብርኤል ተረኛ ሆኑ። ደረታቸውን ነፍተው ወጡ፤ ታላቅነታቸውን ለማሳየት ያገኙትን ዕድል መቼ ያሳልፋሉ። እንደ ውሃ አንሸራተው አቆሙት። ወረዱ። ጎንበስ ብለው አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ አንሥተው ከኋላው ጎማ ፊት ሸጎጡና እጃቸውን አራገፉ።

ምን እንዳደረጉ ያወቁት ሁሉም ሰው እጃቸውን ሲያይ ነው። እኔም ታሪኩን ስነግራችሁ ከዚህ በኋላ አንቱ አልለውም።

«ሳሚን የገደለው ጎማ አይደለም» አለች የሺሐረግ። «የተመታው ከኋላው፣ ጭንቅላቱን በድንጋይ ነው። ከዚያ አደጋ እንዲመስል ወድቆ ሳለ አውቶቡስ ተነዳበት። ተንሸራቶ ቢሆን ሞተሩ ጠፍቶ ነበርና ውሃ አይወርደውም። ውሃው ግን ማታ በተጠረገው አቧራ ላይ አውቶቡሱ እስከቆመበት ድረስ ተንጠባጥቧል። ስለዚህ ንጋት ላይ ሰው አስነሥቶ ነድቶታል። ማስነሣት ደግሞ ኦቦ መህዲ አይችሉም።»

«ልጅቷ ትችላለች» አለ ኃይለገብርኤል።

«ትችላለች። ግን ገዳዩ ከመኪናው ሲወርድ የመታበትን ድንጋይ አንሥቶ ታኮ አደረገው። ደሙ ከሥር፣ ዙሪያው መሬት ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው። ራሱ የሚቆም መኪና ላይ ታኮ የሚያደርግ፣ ዘመኑን በቅጥቅጥ ቁልቁለት የወረደ እጅ ነው። ፈይሩዝ በሕይወቷ ታኮ አድርጋ አታውቅም። አዲሱን የሚያስነሣ፣ የአሮጌው ልማድ ያለበት ሰው እዚህ ግቢ አንድ ብቻ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ» አለ ኃይለገብርኤል ጥርሱን ነክሶ። «አንድ ጎረምሳ በር ጠብቅ ይበለኝ? ለዚች ጫጩት መሪ ሰጥቶ?»

ከመሣሪያ ሣጥኑ ትልቁን መፍቻ መዥርጦ ወደ ፈይሩዝ ተወረወረ። የሺሐረግ መሐል ገባች። የክንዷ አጥንት ሲሰበር ሰው ሁሉ ሰማው። እንደገና ሊያነሣ ሲል ኦቦ መህዲ በትከሻቸው ገጭተው ጣሉት፤ ፖሊሶቹም ተረባርበው ፊቱን አቧራው ላይ ደፍተው አሰሩት። ሲጎትቱት አፉ ደም ይተፋ ነበር።

ወይዘሮ አጸደ ፈይሩዝ እግር ላይ ወደቁ። «ልጄ፣ በእጄ ልገድልሽ ነበር። ይቅር በይኝ። ሳሚን በደሳ እቀብረዋለሁ፤ በሚወደው አውቶቡስ አንቺው ንጂልኝ።»

ፈይሩዝ ደግፋ አነሣቻቸው።

«እማማ፣ እጄን ይዩት፣ ይንቀጠቀጣል። ሳሚ እንዲህ ያለ ሾፌር መሪ ላይ አያወጣም ነበር።»

ኦቦ መህዲ ጣልቃ ገቡ። «የእኔ ቅጥቅጥ ይወስደዋል። ሾፌሬን ጠርቻለሁ።»

ሬሳውን ጫኑት። ፈይሩዝ ሳይጠሯት ወጥታ ከሬሳው አጠገብ፣ ከእናትየው ጎን ተቀመጠች። መኪናው የበደሳን መንገድ ሲይዝ ቅንድቧ እንደገና መድማት ጀመረ። ወይዘሮ አጸደ የነጠላቸውን ጫፍ አጣጥፈው ቁስሉ ላይ ጫን አድርገው ያዙት፤ እስኪደርሱም እጃቸውን አላነሡም።